አባባ፣ ግማሹን ገጽ ለአንተ ትቼዋለሁ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የደሴ ብርድ እንደማይስማማህ አውቃለሁ። እባክህ ማታ ማታ ጋቢህን ደርብ።

ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። የራሴን ሐሳብ በስሜ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሁለት ገጽ ናት። ማታ እጽፋታለሁ፣ ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አባዛታለሁ፣ ለኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶቼና ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አድላለሁ። የሁለተኛው ገጽ ግማሽ ባዶ ነው። ከላዩ «ያልተስማማ እዚህ ይጻፍልኝ» ይላል።

«ዝም አይነቅዝም» ልትለኝ እንደሆነ ይታወቀኛል። ልጆች ሆነን ራት ላይ ስለ ቀበሌ ወይ ስለ መንግሥት ነገር ካነሳን በዚህች ነበር የምትዘጋን። ያኔ ይከፋኝ ነበር። ተማሪዎችህን «ለምን ብላችሁ ጠይቁ» የምትል አስተማሪ፣ እኛን ለምን ዝም ያሰኘናል እል ነበር።

ምክንያቱን የነገረችኝ አያቴ ናት። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ፍተሻ መጣ ሲባል የጻፍክባቸውን ደብተሮች ጋን ውስጥ ከታ ጓሮ ቀበረቻቸው። ነገሩ በረድ ሲል ብታወጣቸው ውኃ ገብቶ ቀለሙ ፈሷል። አንዲት መስመር አትነበብም። «አባትሽ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ለምድጃ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ብዕር የሚያነሳው ፈተና ለማረም ብቻ ነው» አለችኝ።

አባባ፣ በዚያ ዘመን በአንዲት ወረቀት ሰው ይሞት ነበር። እኛ ያደግነው አንተ ዝም ስላልክ ነው። ፈሪ ነበር ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም።

ግን አንድ ያየሁት ነገር አለ። ለሕክምና አዲስ አበባ የመጣህ ጊዜ አራት ኪሎ ጋዜጣ የሚያከራዩት ልጆች ጋ ወሰድከኝ። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አስተያየት ገጹ ላይ ስትደርስ ጣትህን መስመሩ ላይ አደረግህ፣ ከንፈርህ መንቀሳቀስ ጀመረ። «የለም፣ የለም» አልክ ቀስ ብለህ። ከዚያ ጋዜጣውን አጥፈህ መለስክ፣ ሳንቲሙን ከፍለህ ተነሳህ። ለምን «የለም» እንዳልክ አልነገርከኝም። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

ዛሬ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብዬ አልዋሽህም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ መብት አለ ቢልም፣ ጽፈው የታሰሩ ሰዎችን አይተናል። እጠነቀቃለሁ። ግን በስሜ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዋ ጽሑፌ ስለ ሞክሼ ፊደላት ናት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ይበቃል፣ ሕፃናቱን አናድክማቸው ነው ያልኩት። ስታነበው እንደሚያምህ አውቃለሁ። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ እያልክ ሰሌዳ ላይ የጻፍክልን አልጠፋኝም። ሁለተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ «እኛ በትግርኛ ሀ እና ሐን ለይተን ነው የምንጠራው። ፊደሉ የአማርኛ ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። አላሰብኩበትም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእሷን ሐሳብ ከላይ፣ የእኔን ከታች አድርጌ አወጣለሁ።

አንድ ቅጂ በወንድሜ እጅ ልኬልሃለሁ። ባዶው ቦታ የአንተ ነው። እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ብታርመኝም ደስ ይለኛል። ስምህ እንዲወጣ ካልፈለግህ አላወጣውም፣ ለእኔ ብቻ ይሁን። ከቻልክ ግን «የለም» ብለህ ጀምርና ለምን እንደሆነ ንገረኝ።

የምትናፍቅህ ልጅህ