ይድረስ ለአባባ፦ ደብዳቤውን ስላልመለሰው ሰውዬ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የዓይንዎ ነገርስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

የጠየቁኝን አልረሳሁም። «የቴዎድሮስን ደብዳቤ ሳይመልስ ያስቀረው ሚኒስትር ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለውኛል። በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም፤ መስመሩም ይቆራረጣል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ። ካስቸገረዎት ግን ዓይንዎን አያድክሙ፤ ልጆቹ ያንብቡልዎ።

ሰውዬው ሎርድ ጆን ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ፤ መቀነሱን ለእርስዎ ትቻለሁ። በ1792 ለንደን ውስጥ ተወለደ። ጊዜው ሳይደርስ ሁለት ወር ቀድሞ ስለመጣ ዕድሜ ልኩን አጭርና ቀጫጫ ሆኖ ቀረ። የጋዜጣ ሠዓሊዎች የታላቁን ልብስ እንደለበሰ ልጅ አድርገው ይቀልዱበት ነበር። አባቱ በኋላ የቤድፎርድ ዱክ የሆነ ትልቅ ባለርስት ነው። ራስል ግን ሦስተኛ ልጅ ነው። በእነሱ ደንብ ርስቱም ማዕረጉም የበኩሩ ነው። ለታናናሾቹ የሚተርፋቸው «ሎርድ» የሚለው መጠሪያ ነው። ስሙ ትልቅ፣ ኪሱ ግን ሁልጊዜ ጠባብ ነበር።

በ1813 ምክር ቤት ገባ። 21 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታቪስቶክ የምትባለው የምርጫ ወረዳ በቤተሰቡ እጅ ስለነበረች ምርጫው ለወጉ ያህል ነው። በ1814 መጨረሻ ደግሞ ኤልባ ደሴት ድረስ ሄዶ ግዞተኛውን ናፖሊዮንን አነጋገረ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አወሩ። ልጅነት ደፋር ነው፤ ያውም የመኳንንት ልጅነት።

አሁን የሚወዱለትን ልንገርዎ። ያን ጊዜ ኦልድ ሳረም የሚባል ነዋሪ የሌለው ኮረብታ ለምክር ቤቱ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ማንችስተር ያን ሁሉ ፋብሪካና ሕዝብ ይዛ አንድም የላትም። ማርች 1 ቀን 1831 ራስል በዚያች ቀጭን ድምፁ ተነስቶ የሚሰረዙትን ወረዳዎች ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት ስም በጠራ ቁጥር ይስቃሉ፣ ይጮኻሉ። የሚሰረዘው የራሳቸው ወንበር ነዋ! ብዙዎቹ አብዷል ብለው ነበር። እሱ ንባቡን ቀጠለ። በ1832 ሕጉ ጸደቀ። ለድሃውና ለሴቱ ድምፅ አልሰጠም፤ በርግዶ የከፈተ ሕግ አይደለም። ግን ለብዙ ዓመት ሲያባብሉት የነበረ በር ገርበብ አለ። በአባቱ ወረዳ የገባ ሰው ይህን ማድረጉ ይገርመኛል። የሞት ቅጣት የሚያስፈርዱ ወንጀሎችንም የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሳለ ቀንሷል።

እዚህ ላይ ቢያቆም ታሪኩ ያምርለት ነበር። በ1846 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አየርላንድ ላይ ድንቹ በበሽታ ጠቁሮ ረሃብ ገብቷል። መንግሥቱ መጀመሪያ የተራበውን ሰው ድንጋይ እያስፈለጠ የቀን ምንዳ ከፈለ። ያ አልሆን ሲል በ1847 በጋ የሾርባ ማዕድ ዘረጋ፤ በአንድ ወቅት ሦስት ሚሊዮን ሰው ያህል በየቀኑ በላ። አያችሁ፣ ይቻል ነበር! ከዚያ ማዕዱን ዘጋና «የአየርላንድን ድሃ የአየርላንድ ባለርስት ይቀልብ» ብሎ ተወው። በዚያ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ሰው ያህል አለቀ። የ66ቱን የወሎ ረሃብ በዓይንዎ ያዩ ሰው ስለሆኑ ከዚህ በላይ አልነግርዎትም። ክፉ ሰው ስለነበረ አይመስለኝም። ሩቅ ያለ ሰው በወረቀት ላይ ቁጥር ነው የሚመስለው፣ ራስል ደግሞ የወረቀት ሰው ነበር።

ወደኛ ነገር ልምጣ። በ1859 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓልመርስተን ነው። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ንግሥት ቪክቶሪያ «እነዚያ ሁለት አስፈሪ ሽማግሌዎች» ትላቸው ነበር። በ1861 ራስል የራሱን የኧርል ማዕረግ አግኝቶ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ተዛወረ።

የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሩን የንግሥቲቱን የሽጉጥ ስጦታ ይዞ መጣ። ንጉሡ በጥቅምት 1855 በእኛ አቆጣጠር ያንን ደብዳቤ ለንግሥቲቱ ጻፉ። ይዘቱን እርስዎ ለስንት ክፍል ተማሪ በቃል አውርደውታል፤ ስለሞቱት እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ስለ ቆንስሉ ፕላውደንና ስለ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ (ጆን ቤል)፣ ስለ ቱርክ፣ መልእክተኞቼ በሰላም ያልፉ ዘንድ ስለሚለው። ወረቀቱ ለንደን የደረሰው በፌብሩዋሪ 1863 ነው። ያን ሰሞን ራስል ጠረጴዛ ላይ ምን ነበር መሰለዎት? አሜሪካ እርስ በርሷ ትዋጋለች። አላባማ የሚባል መርከብ ከእንግሊዝ ወደብ አምልጦ ለደቡቦቹ እየተዋጋ ስለሆነ ሰሜኖቹ ተቆጥተዋል። ጥጥ ጠፍቶ የላንካሸር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሥራ ፈትቷል። ፖላንድ በሩሲያ ላይ ተነስታለች። ግሪክ ንጉሧን አባርራ ሌላ ትፈልጋለች። የኛ ደብዳቤ ከዚህ ሁሉ ሥር ገባ።

ግን ሥራ በዛበት ብቻ ብዬ አላልፈውም። ንጉሡ የጻፉት ክርስቲያን ለክርስቲያን ብለው ነው። ራስል በበኩሉ ከቱርክና ከግብፅ ጋር የሚያቃቅር ነገር አልፈለገም። በክራይሚያ ጦርነት እንግሊዝ ከቱርክ ጎን ነበር የተሰለፈችው፤ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ለካሜሩን የጻፈለት «ምጽዋ ተቀመጥ፣ በሐበሾች ጉዳይ አትግባ» የሚል ነበር። ለንጉሡ ግን «አይሆንም» እንኳ አልተባለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እምቢታ እኮ መልስ ነው!

ካሜሩን በ1864 መጀመሪያ ታሰረ። ሲታሰር ለንደን ነቃ። የንግሥቲቱ ደብዳቤ በዚያው ዓመት ሜይ ተጽፎ የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ይዞት መጣ፤ እሱም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ተገትሮ ንጉሡ ዘንድ የደረሰው በ1866 ነው። የዚያኑ ዓመት ጁን ላይ ራስል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆነ በስምንት ወሩ፣ በሌላ የምርጫ ሕግ ተሸንፎ ወረደ። ወደ መቅደላ ጦር የላኩት ተቀናቃኞቹ ናቸው። ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ የአንድ ፖስታ ዋጋ ማለት ነው። የቀረውን እርስዎ ለእኔ ነው የሚነግሩኝ።

መኖሪያው ሪችመንድ ፓርክ ውስጥ አሁንም አለ፣ ፔምብሮክ ሎጅ ይባላል። ንግሥቲቱ ናት በ1847 የሰጠችው። ዛሬ ሻይ ይሸጥበታል፣ ሠርግም ይደገስበታል። ሄጄ ሻይ ጠጥቼበታለሁ፤ ውድ ነው፣ ደግሞም ቀጭን። ከግቢው ጉብታ ላይ ሲቆሙ በዛፎቹ መሃል ተከፍቶ በተተወ ቀዳዳ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ይታያል፣ ያን ያህል ርቀት! ራስል በመጨረሻ ዘመኑ በተሽከርካሪ ወንበር በዚያ አትክልት ቦታ ይገፋ ነበር። አለዚያ ክፍሉ ተቀምጦ የድሮ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያነባል። ይህን ያስታወሰው በኋላ ታዋቂ ፈላስፋ የሆነው የልጅ ልጁ በርትራንድ ራስል ነው፤ ያኔ ገና ሕፃን ነበር። አያትየው በ1878 እዚያው ሞተ።

እርስዎ «ንቀት ነው» ይሉኛል፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ነው ያስተማሩት። እኔ ደግሞ የናቀን አይመስለኝም። ለመናቅም እኮ ማሰብ ያስፈልጋል፤ እሱ አላሰበንም። የትኛው እንደሚብስ ግን አልወሰንኩም። እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እደውላለሁ፣ እንከራከራለን። የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ደግሞ «ለዳገቱ አቅም የለኝም» ብለው እንዳያሳልፉት፤ የባጃጁን ሂሳብ ልኬያለሁ።

እማማን፣ ጎረቤቶቹንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ