ስለ ጫካው እሳት ለጠየቁኝ አባቴ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ በዚህ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት ሆነ ብለው ጫካ የሚያቃጥሉ ሰዎች እንዳሉ ብነግርዎ «ጫካ የሚያቃጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ዝም አሉ። ዕድሜዎን ሙሉ ችግኝ ሲተክሉና ከከብት ሲጠብቁ ለኖሩት ለእርስዎ ይህ እንደሚከብድ ስለማውቅ፣ ያን ቀን ያልጨረስኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላስረዳዎ፤ የማስረዳዎትም ዓመት ሳትሞላ በምትደርቅ አንዲት የዱር አበባ ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ከአትላንታ ወደ ደቡብ አራት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዤ፣ ቶማስቪል ከተባለች ከተማ አጠገብ ወዳለ የፓይን ጫካ ሄጄ ነበር። ፓይን እኛ ጥድ ከምንለው ከደብሩ ዛፍ የተለየ ነው፤ የዚህኛው ዓይነት ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጥኖ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ዛፎቹም ተራርቀው ስለሚቆሙ ፀሐይ መሬቱ ድረስ ትወርዳለች። አበባዋን በሣሩ መካከል አገኘኋት፤ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ ነው። የእንግሊዝኛ ስሟ «የቆቅ አተር» ማለት ነው፤ ፍሬዋን በብርዱ ወራት የምትለቅመው ግን ድርጭት ናት፤ የዚህ የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ድርጭትን ቆቅ ይሏት ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ።

ተንበርክኬ አየኋት። አምስት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች አሏት፣ ከሥራቸው ቀይ ነጥብ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። ቅጠሏ እንደ ግራር ቅጠል ደቃቅ ሆኖ በግራና በቀኝ የተሰደረ ነው፤ በጣቴ ብነካው ቀስ ብሎ ተከደነ፣ ሲመሽም እንዲሁ ይከደናል አሉኝ። አበባዋ ማር የላትም፤ ትልቁ ጠጉራም ንብ የሚመጣው ለብናኟ ብቻ ነው፤ ይዟት ሲያጉረመርም ብናኙ ይረግፍለታል። ማሩን ያኖረችው በቅጠሏ አንገት ላይ፣ የመርፌ ራስ በምታህል ሳህን ውስጥ ነው፤ ከዚያ የሚጠጡት ጉንዳኖች ቅጠል በል ትሎችን ያባርሩላታል።

አሁን ወደ እሳቱ ልመለስ። የዘሯ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እሳት ከቀረ የፓይኑ ርግፍ ይከመራል፣ ቁጥቋጦው ብርሃኑን ይዘጋዋል፣ ዘሯም የምትበቅልበት ገላጣ መሬት ታጣለች። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ የሚለኮሰው ዝቅተኛ እሳት ግን ርግፉን ይጠርጋል፣ ሙቀቱም ልባሱን ለመሰንጠቅ ይረዳል። ትልቁን ዛፍ ወፍራም ቅርፊቱ ያድነዋል። ቀድሞ ይህን የሚሠሩት መብረቅና የጥንቱ የአገሩ ሕዝቦች ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ኸርበርት ስቶዳርድ የተባለ ሰው በዚሁ አካባቢ ስለ ድርጭት ሲያጠና፣ እሳትን ፈጽሞ መከልከል ወፏንም ጫካውንም እንደሚጎዳ ተከራከረ። ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ 36 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን የነበረው ይህ ጫካ፣ በመጥረቢያ፣ በእርሻና በእሳት እጦት ተመናምኖ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ መልሰው እያለሙት ነው።

ይህን ስጽፍ የእኛም ተራራ ይቃጠል ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ጥድ እሳት አይችልም፣ እርስዎ መጠበቅዎም ትክክል ነው።

ከሁሉ ይልቅ እርስዎን ያስታወሰኝ የአበባዋ ሥር ነው። ልጅ ሳለሁ ባቄላ ነቅለው በሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች አሳይተውኝ «ስንዴው የሚያምርበት በዚህ ነው» ያሉኝን ያስታውሳሉ? ይህችም የአተር ዘመድ ናትና እንደዚያው እባጭ አላት፤ ርግፉ ሲቃጠል ከጢሱ ጋር የሚጠፋውን ናይትሮጅን የተባለ የዕፅዋት ምግብ ከአየር ወስዳ ለአፈሩ ትመልሳለች። የጫካው ባለቤት ይህን ሲያስረዳኝ እኔ ቀድሞ ከእርስዎ የሰማሁት ነገር ነበር።

ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ዘሯን የያዘ አንድ የደረቀ ቆባ ይዤ መጣሁ። ትናንት ሌሊት ጠረጴዛዬ ላይ ቷ ብሎ ተከፈተና ሁለቱ ክፋዮች ተጠማዘው፣ ጥቋቁር ዘሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ዘር ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ስለሆነ አልላክሁልዎትም፤ ፎቶውን ግን ወንድሜ ያሳይዎት። ለእንቁጣጣሽ ስደውል በባቄላው ማሳ ዳር አደይ አበባው ወጥቶ እንደሆነ ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ