ይድረስ ለእማዬ፣ ከስፔሎ፣ ጣሊያን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የትንሿ የፊት ጥርስ ወልቋል። ትልቁ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መልስ አበባ ሲለቅም ነው የሚያመሸው። እዚህ ስፔሎ በቅዱስ ቁርባን በዓላቸው መንገዱን በአበባ ቅጠል ሥዕል ያለብሱታል። ቀለም መንከር ክልክል ነው፤ ቀዩም ቢጫውም የአበባው የራሱ ነው። ሌሊቱን ተንበርክከው ሲደረድሩ ያድሩና ጠዋት ካህኑ ቁርባኑን ይዞ በላዩ ያልፍበታል።

አገሩ እንዴት ነው ብለሽኝ ነበር። ፔሩጂያ ያለንበት የኡምብሪያ ክልል ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ አሲሲ፣ ስፔሎ፣ ትሬቪ፣ ቶዲ፣ ሁሉም ኮረብታ ላይ የተሰቀሉ የድንጋይ ከተሞች ናቸው። ፔሩጂያ በድሮው ምሽግ ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ። በወጣሁበት ቁጥር ጉልበትሽ ትዝ ይለኛል። እኔ የምሠራበት ቤት ግን ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ የማስታምማቸው ባልቴት ከወረዱ ቆዩ። እግራቸውን ሳጥብ ያንቺ እግር ይመጣብኛል፤ ማን እንደሚያጥብልሽ አላውቅም።

በ1990 ዓ.ም. በደመራ ዕለት የመሬት መንቀጥቀጥ አሲሲ ያለውን የቅዱስ ፍራንቸስኮ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ንዶ አራት ሰው ገደለ። ያኔ የሴትዮዋም ቤት ተሰንጥቆ መኪና ውስጥ ነበር የሚያድሩት። ልጃቸው ከሚላኖ ሲደውል ግን «ደህና ነኝ» አሉት። እስከ ዛሬ ያነሳባቸዋል።

እኔም አነሳብሻለሁ፣ እማዬ። አባባ አርፎ አርባው እስኪወጣ ስደውል «ተኝቷል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ስትሉኝ ከረማችሁ። መርዶ ነጋሪዎቹ በሬን ሲያንኳኩ የገዛሁለት ሸሚዝ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ነበር። «በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሆን ብለን ነው» አልሽኝ። ለእኔ አስበሽ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ እንጀራ ጋግረሽ እየሸጥሽ ያሳደግሽኝ፣ ክፉ እንደማታስቢልኝ አላጣሁትም። ግን አልቀበርኩትም። ከእናንተ ጋር አላለቀስኩም። እስካሁን አልወጣልኝም።

አሁን ደግሞ ሐኪም ቤት ተመላልሰሽ ምርመራ እንደታዘዘልሽ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እህቴን ብጠይቃት «ጋስትራይት ነው» ብላ ወሬ ለወጠች። ለጋስትራይት እንደዚያ አይከሳም፤ በቪዲዮ አይቼሻለሁ።

የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፤ ብሩን ልኬያለሁ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። ፈቃድ ብጠይቅ ምትክ እስኪገኝልኝ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ ነው ማወቅ ያለብኝ። ክፉም ቢሆን ካንቺው አፍ ልስማው። ቆመሽ እያለሽ ልምጣ፣ እማዬ።

ልጅሽ