«ምን በላሽ?» ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ላይ «ምን በላሽ?» ስትዪኝ ሁሌ «በልቻለሁ» ብዬ አልፈዋለሁ። ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ነሐሴ 11 ቀን፣ በፍልሰታ፣ ከሥራ ስንወጣ ባልደረቦቼ እራት እንብላ አሉኝ። አንደኛዋ አያቷ ከኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ከምትባል ደሴት የመጡ ናቸው። ቀኑ በፈረንጆቹ ኦገስት 17 ነው፤ ኢንዶኔዥያ በ1945 ነጻነቷን ያወጀችበት። ይገዟት የነበሩት ሆላንዶች አምነው የተቀበሉት ግን ከብዙ ደም በኋላ በ1949 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ከነምግቡ ወደዚህ ሆላንድ መጣ። ዘ ሄግ ውስጥ የእነሱ ምግብ ቤት የማይታጣው ለዚህ ነው።

የገባንበትን ቤት «ቶኮ» ይሉታል። በእነሱ ቋንቋ ሱቅ ማለት ነው። አምስት ጠረጴዛ ብትቆጥሪ ነው። ምግቡ መስታወት ውስጥ ተደርድሯል፤ በጣትሽ እያሳየሽ ታዥያለሽ። ሩዙ መሃል ይሆንና ወጡ ዙሪያውን ጠብ ጠብ ይላል። በያይነቱ በይው፣ እንጀራው ብቻ ቀረ።

እነሱ ሬንዳንግ አዘዙ። የበሬ ሥጋ ነው፤ በኮኮናት ወተት ለሰዓታት ይበስላል፣ መረቁ እስኪደርቅ። ሽታው ምራቄን አመጣው፣ አልዋሽሽም። እኔ ጾም ላይ ነኝ ብዬ ቴምፔና አትክልት አዘዝኩ። ቴምፔ አኩሪ አተር ነው። ቀቅለው ሻጋታ ይነሰንሱበታል (አዎ፣ ሻጋታ! ፊትሽን አታጨማድጂ)፣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉትና አንድ ሁለት ቀን ያስቀምጡታል። እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ይያያዛል። ሲጠበስ ውጩ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ለጾም እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ቢኖር ሽሮ ትንሽ ባረፈች ነበር።

አትክልቱ በኮኮናት ወተት የተሠራ ነው። ስበላ ጥርሴ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ገባ። አውጥቼ ሳየው ጠጅ ሳር! አንቺ ለበዓል ከቄጠማ ጋር የምትጎዘጉዢው! ወጥ ውስጥ ቀጥቅጠው ይጨምሩታል። ብቻዬን ስቄ ስቄ ሞትኩ። ምን እንዳሳቀኝ ማስረዳት ራሱ ሌላ ሥራ ሆነ።

ደሞ ሻይሽ ውስጥ ጣል የምታደርጊው ቅርንፉድ አለ አይደል? ድሮ የሚበቅለው እነሱ አገር፣ ማሉኩ በሚባሉ ደሴቶች ብቻ ነበር። ሆላንዶችን መርከብ ያስጫናቸውም እሱና ገውዝ ነው።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። «ሳምባል» የሚሉት ቀይ ቃሪያ በሙቀጫ የተወቀጠ ማባያ አለ። ዳጣሽን በጣም ስለናፈቀኝ አንድ ጭልፋ ሙሉ ጨረስኩት። ባልደረባዬ ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ «ተራሲ አለበት» ያለችኝ። ተራሲ ማለት ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጥረት ተፈጭቶ፣ ተብላልቶ የደረቀ ነው። ሳላውቅ ነው እማዬ። አባን ጠይቂልኝ፣ ግን ስሜን አትጥሪ።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ዳጣ ላኪልኝ፣ ክዳኑን በፕላስተር እሰሪው። ለባልደረቦቼ አቀምሳችኋለሁ ብያለሁ። በሚቀጥለው ፍልሰታ እኔ የራሴን ይዤ ነው የምገባው።

ልጅሽ