የኑጉ ማሳ፦ የግብርና ክበብ የ2010 ዓ.ም. ዘገባ

የግብርና ክበባችን በ2010 ዓ.ም. ትኩረቱን ያደረገው በኑግ ላይ ነበር። ከግቢው በስተግርጌ ያለው ጥቁር መሬት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ስለሚቋጥር በቆሎውም ባቄላውም ሲከስምበት ኖሯል። ኑግ ግን የሌሎች ሰብሎች ሥር በሚበሰብስበት መሬት ላይ እንኳ የሚጸና በመሆኑ፣ የጎጃም ገበሬ ለእንዲህ ያለው ማሳ የሚመርጠው ሰብል ነው። አባላቱም ይህንኑ ከወላጆቻቸው ሰምተው ሐሳቡን አቀረቡ።

የኑግ የዘር ወቅት ከትምህርት ዘመኑ ጋር ስለማይገጥም፣ በሐምሌ ወር መሬቱን አለስልሰው የዘሩት በአቅራቢያው የሚኖሩ አባላት ናቸው። ለአንድ ሄክታር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም ዘር ይበቃል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነም ሳይከማች እንዲበተን ከአሸዋ ጋር ደባለቁት። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሌሎቹ ተማሪዎች ያገኙት አብቦ ቢጫ የለበሰ ማሳ ነበር። ሥራው ሁሉ ያለቀ የመሰላቸው አልጠፉም።

የዓመቱ ዋና ትምህርት የተገኘው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ኑግ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑን ተማሪዎቹ በማጉያ መነጽር አዩ፤ በዙሪያው ቅጠል መስለው የተዘረጉት አብዛኛውን ጊዜ 8 ሲሆኑ፣ መካከል ላይ የታጨቁት ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ቀጥሎ የአንዳንዱን ተክል እንቡጦች ሳይፈኩ በስስ ሻሽ ሸፍነን፣ ሌሎቹን ለንቦች ክፍት አድርገን ተውን። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር የማይቋጥር፣ ከሌላ የኑግ ተክል የሚመጣ ዱቄት የሚፈልግ ሰብል በመሆኑ፣ ሻሹ ሲነሣ የተገኘው አብዛኛው ገለባ ነበር። ክፍት የነበሩት ግን በጥቁር ፍሬ ተሞልተዋል። መጀመሪያ ላይ «ንብ አበባውን ትጎዳለች» ሲል የተከራከረ የሰባተኛ ክፍል አባል፣ ውጤቱን ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ያስረዳው እርሱ ራሱ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የጎረቤት ቀፎዎችም ከማሳችን ሳይጠቀሙ አልቀሩም፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር በአካባቢያችን የኑግ አበባ ውለታ አለበት።

አረሙ ብዙ አላስቸገረም። ቢጫ ክር መስሎ በግንዱ ላይ የሚጠመጠመው ጥገኛ አረም ግን በማሳው አንድ ጥግ ታየ፤ ይህ አረም ሥሩን መሬት ውስጥ ሳይሆን ምግቡን ከሚመጥበት ተክል ላይ የሚያኖር ስለሆነ፣ ከተጠመጠመበት ኑግ ጋር ነቅለን አቃጠልነው።

ኑግ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ አንዱ ራስ ሲደርቅ ሌላው ገና ያብባል፣ ሁሉም እስኪደርቅ ከተጠበቀ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ይረግፋል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ፣ ራሶቹ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ፣ ጤዛው ሳይለቅ በማለዳ አጭደን ከመርንና ከደረቀ በኋላ ወቃነው። የአንዲት ተማሪ እናትም በፈቃደኝነት መጥተው ዘይቱ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩን፤ የታመሰው ኑግ ይወቀጣል፣ በፈላ ውሃ ይማሰላል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይጠለላል። ከኑግ ክብደት ብዙ ጊዜ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት ቢሆንም፣ በዚህ መንገድ የሚወጣው ከዚያ ያነሰ ነው። በመጭመቂያ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት መኖ እንደሚሆንም አባላቱ ተረድተዋል።

ከምርቱ ለዘር የሚሆነው ተለይቶ በክበቡ መጋዘን ተቀምጧል። ከኑግ በኋላ የሚዘራ እህል አረም ስለሚቀልለትና ጥሩ ስለሚበቅል፣ በመጪው ክረምት በዚያው ማሳ ጤፍ ይዘራል፤ ኑጉም ወደ ምሥራቁ አጥር ይሻገራል። በሐምሌ በአቅራቢያው የሚገኙ አባላት ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ እንዲያስመዘግቡ ይሁን።