እማዬ፣ ላፕቶፔን ጠብቂልኝ

ናይሮቢ፣ መጋቢት 2017

ለውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ደም ግፊትሽስ? "ደህና ነኝ" እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስልኩን ትቼ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ስልክ ላይ አንቺ "ሰላም ነን" ትያለሽ፣ እኔም "ሰላም ነኝ" እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ሙቀቱ እናወራለን፣ ከዚያ የደወልኩት እኔ ሆኜ እንኳ "ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። መነጽርሽን አድርጊና በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እንደለመድሽው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ጎረቤትሽ ኡሚም አጠገብሽ ሆና ብትሰማ ደስ ይለኛል። እሷንም የሚመለከት ነገር አለው።

ባለፈው "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትዪኝ "ኮምፒውተር ላይ ነው" ብዬ አለፍኩሽ። እንደዚያ መመለስ አልነበረብኝም። እናት ልጇ ምን ሠርታ እንደምትበላ ማወቅ አለባት።

ሥራዬ ይሄ ነው። ሆላንድ ያለ አንድ ድርጅት ባለሱቆች ዕቃቸውን የሚቆጥሩበት፣ የገባውንና የወጣውን የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ይሠራል። አዲስ ነገር በጨመሩበት ቁጥር ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት ለእኔ ይልኩልኛል። እኔ እያንዳንዱን ቁልፍ እነካካለሁ። ሆን ብዬ የተሳሳተ ቁጥር አስገባለሁ። ኢንተርኔቱን መሀል ላይ አጠፋለሁ። ሻጩ ቸኩሎ ሁለቴ ቢጫነውስ? የሸጠውን መልሶ ቢሰርዘውስ? የሚበላሽበትን ቦታ ፈልጌ አገኝና ጽፌ እመልስላቸዋለሁ። አንቺ ጅቡቲ ላይ ድሪያ ከመግዛትሽ በፊት ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገሽ፣ ስፌቱን በጥፍርሽ ጎተት አድርገሽ ታዪው አልነበር? ድሬ ቀፊራ ገበያ ላይ ካንቺ የገዛች ሴት ነገ ይዛው እንዳትመለስ። የእኔም ሥራ እሱ ነው። ጨርቁ ብቻ ተለወጠ።

ለዚህ የሚያስፈልገኝ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልክና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። ቢሮ የለኝም። አለቃዬን በአካል አይቻት አላውቅም። ጡረታ አለሽ ወይ ብለሽኝ ነበር፤ የለኝም እማዬ። የተቀጠርኩት በኮንትራት ነው። ከታመምኩና ካልሠራሁ አይከፈለኝም፣ ለእርጅናዬ የማስቀምጠውም ራሴ ነኝ። ይህን ሳልነግርሽ የቆየሁት እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጥኩ ነው።

ዙረቱን ደግሞ ልንገርሽ። ፎቶዎቼን ስታዪ ደስ ስላለኝ ብቻ የምዞር ይመስልሽ ይሆናል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ግማሹን የሚያዞረኝ ፓስፖርቱ ነው። ኬንያ ቪዛ አትጠይቀንም፣ ግን 90 ቀን ነው። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን በሯን ከፍታለች፣ እሷም 30 ቀን። ሞሪሽየስ ኮሮና በገባበት ዓመት እንደ እኔ በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የአንድ ዓመት ቪዛ አወጣች። በወር ቢያንስ 1,500 ዶላር እንደምታገኚና ገንዘቡም ከእነሱ አገር ውጭ እንደሚመጣ ካሳየሽ ይሰጡሻል። እዚያ ብዙ የቆየሁት ለዚህ ነው። አንድ ቀን ፖርት ሉዊስ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ "ኮምቢያን?" ስትል ሰማሁ። አንቺ መስለሽኝ ዞርኩ። አንቺ ጅቡቲ ላይ ስትከራከሪ ድምፅሽ እንደሚሆነው ነበር፣ ቆጣ ብሎ፣ ግን ሳቅ ያለበት። ያን ቀን ሥራ አልገፋልኝም።

እንደ እኔ የሚኖሩትን ሰዎች ዲጂታል ኖማድ ይሏቸዋል። ኖማድ ማለት ከቦታ ቦታ የሚሄድ፣ ዘላን ማለት ነው ብዬ ስነግርሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? "አቦ፣ እነሱ ብቻቸውን መቼ ይሄዳሉ!" አልሽኝ። ሳቅሁና ረሳሁት። በኋላ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ልክ ነሽ። ከሽንሌ እስከ አይሻ፣ ከአይሻ እስከ ደወሌ በባቡር መስኮት ስታዪያቸው የኖርሽ ሰው ነሽ። ቤቱ ተነቅሎ ግመሉ ላይ ይጫናል። ሴቶቹ አሉ፣ ሕፃናቱ አሉ፣ ሽማግሌው አለ። ዝናብ የት እንደጣለ የሚያይ ሰው ቀድሞ ይላካል። ውሃው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ወደዚያው ውሃም ይመለሳሉ። እኔ የምሄደው የቪዛ ቀን ሲያልቅብኝ ነው። የምመለስበት ውሃ የት እንዳለ ደግሞ ለአምስት ዓመት አላሰብኩበትም።

አንቺም ብትሆኚ ብቻሽን አልሄድሽም። ኡሚን ያወቅሻት ባቡሩ ላይ አይደል? ጆንያ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የጉምሩኩ ፊናንስ ሲፈትሽ አንዷ የአንዷን ዕቃ "የኔ ነው" እያለች፣ ሌሊት ደግሞ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ነቅታ። "አንቺ ተኚ፣ ዕቃሽን እጠብቃለሁ" ትባባሉ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ስታወሪ የምሰማው እንደ ተረት ነበር። ባቡሩ ቆመ፣ ንግዱም ቀረ፣ ኡሚ ግን ግድግዳ ተጋርታሽ ቀረች።

እኔ ካፌ ውስጥ ስሠራ ሽንት ቤት መሄድ ብፈልግ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ቻርጀሩን እነቅላለሁ። ሁለቱንም ስልክ ኪሴ እከታለሁ። ቦርሳዬን ተሸክሜ እነሳለሁ። ስመለስ ወንበሩ ተይዟል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው እንዲህ የማደርገው፣ በየአገሩ። "እስኪ ይሄን ጠብቂልኝ" የምላት ሰው አጠገቤ የለችም። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሲደጋገም ልብን ትሰብራለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥቅምት ላይ የሆነውን አውቃለሁ።

ጉንፋን ነው ብለሽኝ ነበር። የነገረችኝ ኡሚ ናት፣ እሷም ከሦስት ሳምንት በኋላ። እባክሽ እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ጨቅጭቄ ያወጣሁባት። ግፊትሽ ከፍ ብሎ ግቢ ውስጥ እንደወደቅሽ፣ በባጃጅ ይዛሽ እንደሄደች፣ ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አጠገብሽ እንዳደረች ነገረችኝ። ከዚያ ቀኑን ቆጠርኩ። በዚያው ቀን ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶ ልኬልሽ ነበር። አንቺም በድምፅ "ያምራል ልጄ፣ ፀሐዩን ተጠንቀቂ" ብለሽ መለስሽልኝ። ያንን ድምፅ ፈልጌ አውጥቼ ደግሜ ሰማሁት። ከኋላ ሰው ሲጠራ ይሰማል፣ የብረት አልጋ ሲገፋ ይሰማል። ያኔ እንዴት አልሰማሁትም?

አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ እኔን ፀሐይ እንዳይመታኝ ትመክሪኛለሽ። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለሰው ሁሉ "የትም ሆኜ መሥራት እችላለሁ" እላለሁ። ታዲያ ያ "የትም" ድሬን ለምን አይጨምርም? ለራሴ የምሰጠው መልስ መብራትና ኢንተርኔት ነበር። እውነቱን ከነገርኩሽ ግን የሰፈሩን ወሬ ፈርቼ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ቤት ቁጭ ብዬ ሲያዩኝ "ሥራ ፈትታ እናቷ ላይ ተመለሰች" ይላሉ ብዬ። አንቺንም ያሳፍርሽ ይሆናል ብዬ። በዚህ ምክንያት አምስት ዓመት መራቅ ተገቢ አልነበረም።

ስለዚህ እመጣለሁ። ለፋሲካ እደርሳለሁ፣ ግን ለበዓል ብቻ አይደለም። ቢያንስ እስከ መስቀል እቆያለሁ፣ ሥራዬንም ከቤታችን ሆኜ እሠራለሁ። በተለይ ክረምቱን ካንቺ ጋር መሆን እፈልጋለሁ። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ከወሰደ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ ውሃው ሌሊት እንደሚደርስ እኔም አንቺም እናውቃለን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በእኩለ ሌሊት ስደውልልሽ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው" የምልሽ ውሸት ነው። ደመናውን በስልኬ እያየሁ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ አታስቢ፣ ሁሉንም አስቤበታለሁ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው እኛው ከተማ ነው፣ ነሐሴ 2014። ቴሌም አለ። የሁለቱንም ሲም እይዛለሁ፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እቀጥላለሁ። እኔን የሚጎዳኝ ቀርፋፋነቱ ሳይሆን ሥራ መሀል መቋረጡ ነው። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ገዝቻለሁ። ለአለቃዬም ነግሬያታለሁ፤ በግብሩና በደንበኞች መረጃ ምክንያት ሳያውቁ አገር መቀየር አይቻልም። ተስማምተዋል። በራሴ አገር ደግሞ ቀን የሚቆጥርብኝ የለም።

ሰዓቱን አሁኑኑ ብናስተካክለው ጥሩ ነው። እኔ በምመጣበት ወቅት ሆላንድ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እሠራለሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ከ5 እስከ ማታ 1 ይሆናል። ከ4 ሰዓት በፊት ያለው ጠዋት የኔና ያንቺ ነው። አብረን ቀፊራ እንወርዳለን፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንመለሳለን። ግፊትሽንም ጠዋት ጠዋት እለካልሻለሁ፣ መለኪያውን ገዝቼዋለሁ። መድኃኒቱን "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለሽ እንደምትዘልዪው ደግሞ ኡሚ ነግራኛለች።

ቀትሩን ሳስብማ ደስ ይለኛል። እዚህ ናይሮቢ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀምጬ ለመሥራት በቀን እከፍላለሁ። ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ያለውን ጸጥታ እኮ የሚያውቀው ያደገበት ብቻ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ከቬንትሌተሩ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። አንቺ ምንጣፍሽ ላይ ጋደም ትያለሽ፣ እኔ መስኮቱ ጋ እሠራለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ከተማው ሲነቃ አንቺም ትነቂያለሽ፣ እኔ ሁለት ሰዓት ብቻ ይቀረኛል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ከተማ አላየሁም፣ ብዙ ዞሬያለሁ።

አንድ ነገር ይቅርታ ልጠይቅሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለአሥር ቀን መጥቼ ሳለ ስብሰባ ላይ ሆኜ ሻይ ይዘሽልኝ ገባሽ። እጄን አወናጨፍኩብሽ። ካሜራው ላይ እንዳትታዪ ብዬ ነው፣ ቸኩዬም ነበር። አንቺ ምንም ሳትዪ ወደኋላ ተመልሰሽ በሩን ቀስ አድርገሽ ዘጋሽው። ማታ እንደ ወትሮው አጫወትሽኝ፣ የተቀየምሽም አልመሰለኝ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስንደዋወል የመጀመሪያ ቃልሽ "አልረበሽኩሽም?" ሆነ። በፊት እንዲህ ብለሽ አታውቂም። ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ እማዬ።

ከአዲስ አበባ በባቡር ነው የምመጣው፣ በአዲሱ። ጣቢያው ከከተማ የራቀ ነው፣ ልትቀበዪኝ እንዳትመጪ። ወንበር አትግዢ፣ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ይበቃኛል። ጠረጴዛውን ብቻ ኡሚ ልጇን ልካ መስኮቱ ጋ ታስጠጋልኝ። ሄልና ቅርንፉድ ካለቀብሽ ይዤ እመጣለሁ።

ሻዩን ደግሞ በፈለግሽው ሰዓት ይዘሽልኝ ግቢ። ስብሰባ ላይ ብሆንም ግቢ። በሩን አታንኳኪ። አለቃዬ "ማን ናት?" ካለችኝ "እናቴ ናት" እላታለሁ፣ አንቺም ወንበር ስበሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።

ልጅሽ