ይድረስ ለባለ ፖርሼው ወንድሜ

ደብረ ብርሃን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱም ደህና ነው፤ እንደምታውቀው እሱ ታሞ አያውቅም። ያ ሁሉ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ አንዲት መስመር ሳትልክ ከርመህ፣ ስትጽፍ ስለ ጎማ ትጠይቀኛለህ? መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቅሁ። ከዚያ የላክሃቸውን የጎማ ፎቶዎች በስልኬ አጉልቼ ስመለከት ንዴቱንም ሳቁንም ትቼ ወረቀት ፈለግሁ። ማን ማንን ረሳ የሚለውን ለጥምቀት ስትመጣ ጠላ ይዘን እንፋረዳለን።

እናትህን፣ እትዬን፣ በቀደም ደብረ ሲና ወርጄ አይቻቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ጨዋታቸው እንደ ድሮው ነው። «ልጄ የእሽቅድምድም መኪና ገዛ አሉ፤ ወዴት ለመድረስ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ወደ ጉዳይህ ልግባ። አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ ሰው የገዛሃት መኪና 911 ካሬራ፣ ባለ 3.6 ሊትር ሞተር፣ 997 የሚባለው ትውልድ ናት። «ጥርሱ ገና ነው፤ ሁለቱን የኋላ ብቻ ልቀይር ወይ?» ብለሃል። ጥርሱ አያታልልህ። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሕፈት መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አየኋቸው፤ 0815 ይላሉ። የ2015 ስምንተኛ ሳምንት ማለት ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ የካቲት 2007 መሆኑ ነው። እዚህ ሱቄ ድረስ እየመጡ 15ን በእኛ ዘመን አስልተው «ጎማው ገና ልጅ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሻጩም እንዲህ ሲሉ ሰምቶ ዝም ይላል። ፖርሼ ራሱ ከስድስት ዓመት በላይ በቆየ ጎማ አትንዱ ይላል። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ እንዲያውም መኪና ቆሞ ሲከርም ይብስበታል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ያንተ የኋላ ግራ ጎማ ጥርስ ሥር ያሉትን ቀጫጭን ስንጥቆች ፎቶው ላይ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም። ስለዚህ አራቱንም ትቀይራለህ።

አሁን ደግሞ ቅር የምትሰኝበትን ልንገርህ። ቸርኬውንም ቀይር፤ ወደ 18 ኢንች ተመለስ።

መኪናህ ከፋብሪካ ስትወጣ የተመደበላት ባለ 18 ነው፤ 19 ገንዘብ የጨመረ ሰው የሚያስገባው ነው። የቀድሞው ባለቤት 19 አድርጎባታል፣ ለዓይን ያምራል፣ አልክድም። ሒሳቡን ግን ተመልከተው። የፊቱ 235/35 ነው፤ 235 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ 35 ማለት የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 35 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 82 ሚሊ ሜትር። የኋላው 295/30 ስለሆነ 88 ገደማ ይሆናል። ወደ 18 ስትመለስ የፊቱ 235/40፣ የኋላው 265/40 ይሆናል፤ ጎኑ ከፊት 94፣ ከኋላ 106 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት እምብዛም አይለወጥም፤ ብረቱ ቀንሶ ላስቲኩ ይጨምራል እንጂ። አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት ትለኝ ይሆናል። ቦሌ ለቦሌ ለሚመላለስ ሰው ምንም። አንተ ግን እናትህ ደብረ ሲና ናቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ ባለ ቀጭን ጎማ መርሴዲስ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣልኝ። ከጣርማ በር ዋሻ አለፍ ብሎ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው። ጎማውን ስዳስሰው ጎኑ ላይ መዳፍ የምታህል እብጠት አለች። ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ሲቆነጠጥ በውስጡ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነፋሱን የሚይዘው ባዶ ላስቲክ ብቻ ነው። ይህ አይጠገንም፤ እጠግነዋለሁ የሚልህ ሰው ካለ ከእሱ ራቅ። ቸርኬውን አጥቤ በሳሙና ውኃ ሳርሰው ደግሞ ከውስጠኛው ጠርዝ ጥቃቅን አረፋዎች በመስመር ተሰልፈው ብቅ ብቅ አሉ። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነበር። ሰውየው ለጎማ መጥቶ የቸርኬ ዕዳ ተሸክሞ ሄደ። እንዲህ ያለውን ቸርኬ ብየዳ ቤት ወስደው አስበይደው የሚነዱ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርህም።

ጎማውን ስታዝ በጎኑ ላይ ኤን የምትል ፊደል ከቁጥር ጋር ፈልግ፤ ኤን 0፣ ኤን 1፣ ኤን 2 እያለች ትሄዳለች። ፖርሼ ፈትኖ ለመኪናዬ ይሆናል ያለው ጎማ ምልክት ናት። ቢኤምደብሊው ኮከብ ያስደርጋል፣ መርሴዲስ ኤም ኦ ያስጽፋል። ሚሼሊንም ፒሬሊም ብሪጅስቶንም ኮንቲኔንታልም ይህችን ፊደል የያዘ ጎማ ይሠራሉ። ቁጥሩ የጎማውን ትውልድ ነው የሚነግርህ፤ ስለዚህ ከፊት ኤን 1 ከኋላ ኤን 2 እያደረግህ አታደባልቅ። ለምን ይህን ያህል ታጠብቃለህ እንዳትለኝ። የመኪናህ ሞተር ከኋላ እግሮቿም ወዲያ ነው ያለው፤ ከክብደቷ ከመቶ ስልሳ በላይ የሚሆነው በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። የፊቱና የኋላው አያያዝ ካልተመጣጠነ፣ እርጥብ መታጠፊያ ላይ ድንገት እግርህን ከነዳጅ ስታነሣ ጀርባዋ ሊቀድምህ ይነሣል። ባለ ኤን ጎማ ካጣህ ቢያንስ አራቱም የአንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ሁለት ከዚህ ሁለት ከዚያ የሚባል ነገር ለታክሲም አይበጅ።

ከልኩ በኋላ የሚመጡትን ቁጥሮችም አትለፋቸው። ከፊት 91 ዋይ፣ ከኋላ 101 ዋይ እንዲል። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ፣ 101 ደግሞ 825 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ደብልዩ እስከ 270። መኪናህ በፋብሪካው ልክ እስከ 285 ስለምትሄድ ዋይ ያስፈልጋታል። ጣርማ በር ላይ 285 የሚነዳ ካለ ለቀብሩ እመጣለሁ፤ ነገር ግን ፊደሏ ጎማው ሙቀት የሚችልበትንም ልክ ስለምትናገር በርካሽ ተታልለህ ዝቅ ያለውን አትግዛ።

«ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ላስገባ?» ያልከውን ደግሞ ተወው። እሱ ለውድድር ሜዳ የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ጥቂት ነው፣ የሚይዘውም ሲሞቅ ነው። በጥር ጎሕ ሲቀድ እዚህ አመዳዩ ሣሩን አንጥፎት ታገኛለህ። ተራ የበጋ ጎማ እንኳ ከ7 ዲግሪ በታች ላስቲኩ እንደ ከረመ ቂጣ ይደርቃል፤ ያኛውማ ከቤት ባይወጣ ይሻለዋል። የዕድሜ ነገርም አለ፦ ትሬድዌር በሚባለው መለኪያ ቁጥሩ በበዛ መጠን ጎማው ይቆያል፤ ካፕ 2 180 ነው፣ የመንገዱ ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ 300 ነው። ከአውሮፓ የመጣ ጎማ ከሆነ የተለጠፈበትን ወረቀት እይ፤ የዝናብ ምስል ያለበት ረድፍ የእርጥብ መንገድ አያያዙን በፊደል ይነግርሃል። ኤ የሚለውን ውሰድ፣ ለሌላው ብዙ አትጨነቅ። ነሐሴ ላይ በጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ከፊትህ ሲኖትራክ፣ ከኋላህ አውቶቡስ ሆኖ፣ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነው። የመንገዱን ጎማ ይዘህም በውርጭ ጠዋት የመጀመሪያውን መንገድ ረጋ ብለህ ሂድ። አዲሱን ጎማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል አታስጨንቀው፤ ላዩ ገና ያንሸራትታል።

ነፋስ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንተ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ትወጣለህ፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት ከወረድህ 1,300 አካባቢ ነህ። በዚህ ቁልቁለት የከፍታው ልዩነት ብቻ የነፋስ መለኪያውን በ0.15 ባር ገደማ ዝቅ ያደርገዋል። ሙቀቱ በበኩሉ በየ10 ዲግሪው 0.1 ባር ገደማ ይጨምራል። ቀዝቃዛ ጠዋት ከዚህ ተነሥተህ ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይመልሰዋል፤ መንገዱ ያሞቀው ደግሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ እዚያ ቆመህ «በዛ» ብለው እንዳያስተነፍሱብህ፤ ማታ እዚህ ስትመለስ ላልቶ ታገኘዋለህ። ስትለካ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሳትነዳ፣ በመኪናው መመሪያ የተጻፈውን ይዘህ ለካ። ናይትሮጅን እንሙላልህ ካሉህ የምትተነፍሰው አየር ከመቶ 78ቱ ናይትሮጅን እንደሆነ ንገራቸውና ገንዘብህን ለሹሮ አውለው።

ሌላው፣ የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ነው ቀድሞ የሚያልቀው። ቆመህ ስታየው ውጩ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ሽቦው ወጥቶ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው እጅህን ወደ ውስጥ ሰድደህ መዳፍህን ከትከሻው ላይ ወዲያና ወዲህ አሂደው። በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከነከሰህ አላይመንቱ፣ የጎማዎቹ አቀማመጥ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አዲስ ጎማ ከመግባቱ በፊት አስተካክል። የፊቱና የኋላው ልኩ ስለማይገናኝ ማዘዋወር የሚባል የለም። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በብዙ አገር ሕጉ ይላል፤ አንተ ግን በእኛ ዝናብ 3 ላይ ሲደርስ ቀይር፤ ፊቷ ቀላል ስለሆነ ውኃ ላይ ቶሎ ትንሳፈፋለች።

እኔ ዘንድ ለማስገጠም አታምጣት። ይህን ጎሚስታ ሆኜ መናገሬ ያመኛል፤ ግን የእኔ ማሽን አይሱዙና ሚኒባስ የለመደ ነው፣ ቸርኬህን ይቦጫጭረዋል። አዲስ አበባ ላይ ብረቱን ሳይነካ የሚያወልቅ ማሽን ያለው ቤት ፈልግ። ቡሎኖቹን በነፋስ መፍቻ ሲያጠብቁ ዝም እንዳትል፤ መጨረሻው በእጅ፣ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ፣ በ130 ኒውተን ሜትር ነው። ስኮርት ስለሌላት መንገድ ላይ ብትተነፍስ ማሸጊያ ፈሳሹና ትንሿ መንፊያ ከነሕይወታቸው መኖራቸውን አረጋግጥ፤ ፈሳሹም የራሱ ቀን አለው። ከዚያ የባሰ ከመጣ ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት የትም ብትቆም ደውልልኝ፤ መጥቼ አነሣሃለሁ።

ጎማዎቹ ሲመጡ ገንዘቡን ከመልቀቅህ በፊት የአራቱንም የቀን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። በዚያው የልጆችህንም ጨምር፤ እኔ ባየሁት የመጨረሻ ፎቶ ላይ ታናሿ ገና መቆም አልጀመረችም ነበር።

ያንተው፣
የደብረ ብርሃኑ ጎሚስታ